አራት ጣት

ጋሽ ይርሳው ሞተሯን እየገፋ መጣ፣
ነሐሴ ሊወጣ፤
ከዓባይ ማዶ ድረስ ጭቃ ለጭቃ፣
ጫማውን መሪው ላይ በክሩ አንጠልጥሎ፣
ሱሪውን ጠቅልሎ።
«ምን ሆነች?» አልሁት።
«እሷስ ምንም። እኔ ነኝ የሆንሁት» አለ፣
ወገቡን ይዞ ጎማ ክምር ላይ ቁጭ እያለ።

ጉዚ ናት። ቀይ። ማለቴ ድሮ ቀይ የነበረች።
የበለስ መንገድ ሲቀየስ አብራ የከረመች።
ጌታዋ ጣሊያናዊ ቀያሽ፣ ሻንጣው ሲታሰር፣
ሜትር ይዞለት ለነበረው ለይርሳው
«ቀሪ ደሞዝህ ይቺ ትሁን» ብሎ ትቷት ሄደ፣
ቁልፏን በፖስታ፣
መመሪያዋን በማናነበው ቋንቋ።

ሁለት ሲሊንደሯ ግራና ቀኝ ወጥቶ
እንደ ተቀመጠ ሰው ጉልበት፤
ሰንሰለት የላትም፣ ካርዳን ነው ያላት።
ቆማ ጋዝ ሲሰጧት ወደ ቀኝ ዘመም ትላለች፤
ስሟን የጠሯት ያህል
ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ
«አቤት» ትላለች።

መመሪያው አልገባን። ግን ገና ስከፍታት
ያገሯን ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ አገኘሁት፤
ካንዴላ። ፍሪሲዮን። ማርሚታ። ጓርኒሲዮን።
ጋራዥ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው፣
በዘይት የወዛ፣
በእኛ ምላስ ተሞርዶ የኛ የሆነ ቃል።
«ካቻቪቴ አቀብለኝ» ስለው እንየውን
ጆሮዋን የምታቆም መሰለኝ።

ስድስት ዓመት ያዝኋት።
ብሮንዚኗ ሲበላ
ዘጌ ስትመላለስ ካረጀች ጀልባ ዘንግ
ነሐስ ለምኜ በቶርኖ አስጠረብሁ፤
የፍሪሲዮን ሽቦዋን
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከተጣለ ማሽን ፈታሁ።
ሁለቱ ካርቡራተር ሲጣሉ፣
አንዱ ሲጠማው አንዱ ሲሰክር፣
ከክሊኒክ ባገኘሁት የግሉኮስ ቱቦ
ዘይት ሞልቼ፣ በሁለቱ አፍ ሰክቼ፣
ግራና ቀኝ እኩል እስኪቆም
ትንፋሼን ይዤ፣
ብሎኗን በሩብ ዙር፣ በሩብ ሩብ...
ያን ቀን ጣናም ሞገድ አልነበረው።
አለቀች አልሁ። ከዚህ ወዲያ አትነካም።

እሱ ግን «መሪዋን ከፍ አድርግልኝ» አለ።
«አራት ጣት። አይበልጥም።»

ዝቅ ያለ ነው መሪዋ። ለጎበዝ ደረት፣
ታንከሯ ላይ ተኝቶ
ነፋስ ለሚሰነጥቅ የተበጀ።
«ጋሽ ይርሳው፣ ይሄ እኮ የሠሪዋ ልክ ነው፤
ውበቷን ነው የምናበላሸው።»
ሳቀ።
«ብሮንዚኗ የጀልባ፣ ሽቦዋ የፋብሪካ፣
ትንፋሿን በሕመምተኛ ቱቦ ስትለካ
ማንን አስፈቀድህ?
የሷ አጥንት ሲያረጅ ሰባት ብልሃት አምጥተህ
የኔ ወገብ ሲሆን የሠሪው ልክ አልህ?»

መልስ አጣሁ።
የውሃ ቧንቧ ቆረጥሁ፣
እንዳይጨማደድ አሸዋ ሞልቼ አጎበጥሁ።
ለአራት ጣት ስንቱ ነገር አብሮ ይፈናቀላል!
የጋዝ ሽቦው አጠረ፣
የፍሬን ቱቦው ተወጠረ፣
መብራቷ አንጋጦ ኮከብ ይቆጥራል።
ሁለት ቀን አስታረቅኋቸው፣
«አስቀየምኋት» እያልሁ፣
እንየው እስኪስቅብኝ ራሴን እየሰደብሁ።

እሑድ ጠዋት ይዟት ሄደ።
ድምፁን በጆሮዬ ተከተልሁ፤
ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፣
ከዚያ ወደ ድልድዩ ግድም
ጸጥ።
ፒንሳዬን እንደያዝሁ ባጃጅ ላይ ዘለልሁ።

ከድልድዩ ማዶ አገኘሁት፣
ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዳር ይዞ፣
ኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ።
«ምን ተበላሸ?»
«ምንም።»
በአገጩ ወደ ግራ አሳየኝ፤
ውሃው ከደንገሉ መሐል ወጥቶ
ወንዝ ልሁን አልሁን ሲያመነታ፣
አንድ ታንኳ፣
ታንኳው ላይ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው።

«ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህ ሳልፍ
የማየው አስፋልት ነው። የፊት ጎማ ነው።
ለካ እዚህ ጋ ሐይቅ ነበር፣ አንተ!»

ማርሚታዋ እየቀዘቀዘ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።
እኔም ፒንሳዬን ኪሴ ከተትሁ።
«የፊት ፍሬኗ ግን» አለ ቆይቶ፣
«ትጮኻለች። ሰኞ እያት።»