ስሙ ነው የተፋቀው

ጌንት ከተማ፣ ሌዬ ወንዝ ዳር፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ቀጥሎ፣
የኔ ሱቅ አለች፤ ደጇ ላይ ትንሽ ደወል ተንጠልጥሎ።
ዝናቡ እንደ ልማዱ መስታወቱን ሲያጥብ፣
ወይዘሮ ጎደሊቭ ገባች፤ ዣንጥላዋ ሲንጠባጠብ።
ከዳቦ ከረጢት ውስጥ፣ በወንድ ካልሲ ጠቅልላ፣
ሃርድ ዲስክ አወጣች፤ እንደ እንቁላል አባብላ።

«የባሌ የኦዲል ድምፅ ነበረ፤ አጠፋሁት፣ በገዛ ጣቴ፤
ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ፤ ያን ማታ፣ ከንዴቴ።»

ኦዲል ድልድይ ከፋች ነበር፤ ለጀልባ ድልድይ የሚያነሳ፤
ጡረታ ወጥቶም ከወንዙ አልራቀ፤ ከዶሮ ቀድሞ የሚነሳ።
አስራ አንድ ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት፣ መቅረጫውን ይዞ ቆሞ፣
ቀኑን ይናገራል፤ ብርዱን፤ ያለፈውን ጀልባ ደግሞ፤
ከኋላው ዳክዬ ይንጫጫል።

«ለዳክዬ የሚያወራውን እኔን ነፍጎኝ ነው የከፋኝ።
ማጥፋቴን ሳይሰማ ሞተ፤ ይኸው ይሄ ነው የሚበላኝ።»

ማሽን ሰነፍ ነው፣ ወይዘሮ፤ አጥፋ ሲሉት አያጠፋም፤
መዝገቡን ይገልጣል እንጂ ጎተራው ድረስ አይለፋም።
ከዝርዝሩ ላይ ስም ይፍቃል፤ «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ይላል፤
እህሉ ግን ከነገለባው፣ እንደተከተተ ይኖራል።
ብልጥ ጸሐፊ ነው፤ ብራና ፍቆ ክንዱን አያደክምም፤
አዲስ ጽሑፍ ካልመጣበት አሮጌውን አይነካውም።
እያንዳንዷን ነጥብ መፋቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ያደክማል፤
«የለም» ብሎ መጻፍ ግን ባንድ ጠቅታ ያልቃል።
ደጁ ላይ ስም የተነቀለበት፣ ቁጥርም የሌለው ቤት፣
ፖስተኛው ያልፈዋል እንጂ፣
ውስጡ ሰው አለ፤ መብራት አለ፤ የሚፈላ ውሃም አለበት።

«ታዲያ ጊዜ አይበላውም?» አለች መነጽሯን እየጠረገች።
«ጊዜ አይደለም፤ ኑሮ ነው። ኮምፒውተሯ ከዚያ ወዲህ ምን ዋጠች?»

«የልጅ ልጄ ጨዋታ ጫነ፤ ምን ላድርግ፣ ልጅ ነው፣ ለመነኝ።
ዘንዶ የሚገድሉበት ነው፤ ትልቅ ቦታ ይፈልጋል አለኝ።»

ሦስት ሌሊት አነበብኩት፤ ነጥብ በነጥብ፣ ስንጥር በስንጥር፤
ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ራስ የለው፣ እግር።
በሦስተኛው፣ ትራሙ የመጨረሻ ዙሩን ሲጨርስ፣
ሰማሁ፣ በባዶው ሱቄ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲያስነጥስ።
ከዚያም፦
«ሐሙስ። አራት ዲግሪ። አሸዋ የጫነች ጀልባ አለፈች።
ጎደሊቭ ትናንት ሳቀች።
ሳቋ ልክ እንደ...»

እዚያ ላይ ዘንዶው ተኝቷል።
ቀጣዩን ቃል ጨዋታው ወርሶታል፤ ጩኸት ብቻ ሆኗል።

ከአራት ሺህ ጠዋት ሦስት መቶ ተረፈ፤ የዚያም ግማሹ ቁራጭ።

ቅዳሜ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቆማ አዳመጠች።
«እንደ ምን?» አለች። «ሳቄ እንደ ምን ነው?» ደግማ ጠየቀች።
«እንደ ደወል» ልላት ከጅሎኝ ነበር፤ ውሸት ለበጎ፤
ግን የኔ ቃል ያን ክፍተት ይይዘዋል፣ ይቀመጣል ሰርጎ።
አዲስ ሲጻፍበት ነውና አሮጌው ለዘላለም የሚሞት፣
ዝም አልኩ። ክፍቱን እንደተከፈተ ሰጠኋት።

ከፈለች፤ ደረሰኝ ወሰደች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፤
«ማጥፋቴስ? እሱስ የት ይጠፋል?» ደወሉን በእጇ ያዘች፣
እንዳይጮህ።

ለዚያ መፍቻ የለኝም። የዋጋ ዝርዝሬ ላይም የለም።

ከመሄዷ በፊት፣ እንደ ደንቡ፣ ዓይኗ እያየ፣
እኔ ጋ የቀረውን ቅጂ ሰርዤ ነበር። አንድ ጠቅታ።
ዲስኩ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው፤ ባዶ ነኝ ይላል።
ደንበኛ ሲበዛ፣ ቦታ ሲጠበኝ፣ አነሳዋለሁ፤
እኔ እንጃ፣
እስካሁን ምንም አልጻፍኩበትም።