የጆሮ ቁጥር

እሳቱ ከጠፋ በአሥራ አንደኛው ቀን
ከአቴንስ ላኩኝ ወደ ኤቪያ ሰሜን፣
ቅጹን በአንድ እጄ፣ በአንዱ ጭንብሌን።
ሥራዬ ቆጠራ ነው፦
ስንት በግ፣ ስንት ፍየል፣ ስንት ቀፎ ነደደ፣
ከማን አጥር ዘልሎ ወደ ማን ወረደ።
ለእያንዳንዱ ጥፋት መንግሥት ዋጋ አለው፣
አስቸኳይ ድጎማ ብለን የምንጠራው።

ኤቫንቲያ የሚሏት የሰባ ዓመት ሴት
ቆማ ጠበቀችኝ ከበረቷ ፊት።
በረት ካሉት እንግዲህ፤ ቆርቆሮና ሽቦ፣
አመድ በአመድ ላይ ተደርቦ፣ ተደርቦ።
«ስንት ነበሩ?» ስላት፣ «መቶ አሥራ ሁለት፤
አንዲቱ አንካሳ ናት፤ አደራ፣ ቁጠራት።»
ናት አለች። አላረምኳትም።

ደንብ ግን ደንብ ነው፤ ማስረጃ ይሻል፣
ከየጆሮው ቢጫ ቁጥር አምጡ ይላል።
ይህን ሰምታ ኖሮ፣ ሳልመጣ ገና፣
አመዱን በዱቄት ወንፊት ነፍታለችና፣
የቀለጠ ፕላስቲክ፣ ቢጫ ጠብታ ጠብታ፣
አቀበለችኝ በማር ብልቃጥ ሞልታ።
«ይኸው ጆሯቸው፤ ከቻልክ አንብበው» አለች።
ብልቃጧን አነሣሁ፤ ፀሐይ ላይ በራች።

ከዚያ ወደ ቀፎው። አርባ ሦስት ድንጋይ
በመስመር ተደርድሮ ከከሰለው ዳገት ላይ፤
ጣውላው የለ፣ ሰሙ የለ፤ ሚስማር ብቻ ቀርቶ
በየድንጋዩ አናት በዝገት ተኝቶ።
«አርባ ሦስት ቀፎ» አልኩ። ቅጹ ላይ ንብ የሚል
ዓምድ የለም። ጥድም የለም። ዝም ብዬ ልቀጥል።
በዚህ አገር ንቧ ከጥድ ቅርፊት ነው የምትልሰው፤
ጥድ ዛሬ ቢተከል ሠላሳ ዓመት ነው የሚያስጠብቀው።
«ሠላሳ» ብላ ሳቀች ባለ ሰባዋ፣
ጣቷን እየቆጠረች፤ አልደረሰም ዕድሜዋ።

ጎረቤቷ አርጊሪስ ሃያ ቀፎ ነበረው፣
ግብር ሽሽት ብሎ አንድም ያላስመዘገበው፤
በእኛ መዝገብ ዘንድ አልነደደበትም ምንም።
አጥር ተደግፎ ያየኛል፤ አይጠይቅም።

ፈርማ፣ ፈርሜ፣ ወደ መኪናዬ ስወርድ
ከበሩ አጠገብ፣ ከፖስታው ሳጥን ሆድ
አንድ ድምፅ ሰማሁ።
የብረት ሳጥን ነው፤ እሳቱ ዘሎታል፤
በደብዳቤው ቀዳዳ ንብ ይወጣል፣ ይገባል።
«ከትናንት ወዲያ ነው የሰፈሩት» አለች፤
«አንዱ ቀፎ ተርፏል፤ ቀንስ» ብላ ብዕሬን አየች።
«አርባ ሁለት በል። በእርጅናዬ ውሸት አልበላም።»
ቅጹን ገልጬ የቀፎን ትርጉም አነበብኩላት፦
ከእንጨት የተሠራ፣ ክፈፍ ያለው፣ የተመዘገበ።
«የፖስታ ሳጥን ቀፎ አይደለም» አልኳት።
ያን ቀን ብቻ ነው ደንቡን የወደድኩት።

ገንዘቡ የገባው በየካቲት መጨረሻ፤
አሥራ አምስት በግ ተቀንሶ፣ «ቁጥር የለም» በሚል ማስታወሻ።
አንካሳዋ ትግባ አትግባ አላውቅም።
ስኳር ገዛችበት፣ ይላል ፖስተኛው፤ በጆንያ ስኳር፣
ያ መንጋ የቀረውን ብርድ በድጎማ ሊሻገር።
ደብዳቤዋን ግን ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤
ያንን ሳጥን መክፈት ማን ይደፍራል?

ብልቃጧ ቢሮዬ ናት፣ «አባሪ ሰባት» ተብላ።
ባለፈው ፖሊክሴኒ፣ ሒሳብ ሹማችን፣ ከምሳ በኋላ
ማር መስሏት ከፈተቻት፣
ማንኪያ ይዛ።