ድምፅ የሌለው ፊደል

ሐሙስ ማታ ነበር፤ ከዓሣ ፋብሪካ
የስምንት ሰዓቱ ብርድ አጥንቴን እንደነካ
በአበርዲን ካፊያ ተገርፌ ስመጣ፣
የጓንቱ ላስቲክ ሽታ ከእጄ ላይ ሳይወጣ፣
ኅሪት ማዕድ ቤት ናት፤ ከፍሪጁ በር ላይ
ዐሥር ቃል ለጥፋ፣ ዐሥሩን ስታሳይ፦
«ነገ ፈተና ነው። አንቺ ጥሪ፣ እማ፤
እኔ እጽፋለሁ፤ ቀስ ብለሽ፣ እንዲሰማ።»

ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ፣ ጫማዬን ሳልፈታ
የመጀመሪያዋን ጠራሁ በዝግታ፦
«ክኒ።»
ሳቀች። እርሳሷን ጥላ ሳቀች።
«ኬን አትጥሪያት፣ እማ! ኬ ዝም ትላለች።
ኒ ነው፤ ጉልበት ማለት።»
                                    «ታዲያ ለምን ተጻፈች?»
«እኔንጃ። ሚስ ማክሬ አንድ ቀን ስትነግረን
ዱሮ ሰዎች ሁሉ ይጠሯት ነበር አለችን።
ኋላ አፍ ደከመ፤ እጅ ግን ለመደ፤
ድምፁ ጠፋ፤ ፊደሉ ከቦታው አልሄደ።»
ጉልበቴን ዳሰስሁት። ቀኑን ሙሉ ቆሞ
እሱም ዝም ይላል፤ ይናገራል ደግሞ
ደረጃ ስወጣ።

                    «ላምብ» ብዬ ቀጠልሁ።
«ቢም አትሰማም፣ እማ። ላም በይ፤ ላም ብቻ።»
«ላም? የኔዋ ላም ወተት ትሰጣለች ጠዋት ማታ!»
«የዚህ አገሯ ላም የበግ ግልገል ናት» አለች ተቆጥታ።
ቁጣዋ አልበረከተም። ሳቅን፤ ሚስተር ዱጊድ ከታች በመጥረጊያ እጀታ
ጣሪያውን እስኪመታ።

«ናይፍን ተይው» አልኋት፤ «እሱን እኔ አውቃለሁ፤
በቀን ስንት ሺህ ዓሣ ሆዱን በሱ እሰነጥቃለሁ።»
«ኬ እንዳለውስ?»
ስድስት ዓመት ጨበጥሁት፤ ኬ እንዳለው አላየሁ።

ስድስተኛዋ ጋ ስደርስ ድምፄ አነሰ፤
ይህችን አውቃታለሁ። ወሩ እየደረሰ
በቀይ ቀለም ታትማ፣ በበሩ ቀዳዳ
ወለል ላይ የምትወድቀው፦ ዴት። በኛ ቋንቋ ዕዳ።
«ቢ አላት» አለች ኅሪት፤ «መኻሏ ላይ አለች፤
ግን አትሰማም» አለች።
ዕዳስ መች ይሰማል፣ ልጄ? ሲቆጠር እንጂ።
ይህን ግን አላልኋትም።

እርሳሷን ተቀብዬ ከቃሏ አጠገብ
በአማርኛ ጻፍሁት፣ እሷም እንድታነብ።
ፊደል ቆጥራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፤
ግንባሯን ቋጠረች በጣቷ ተከትላ፣ ደጋግማ ደጋግማ፤
«ይህች የቷ እ ናት? አልፋዋን አትመስልም።»
«ዐይኑ ዕ።»
«በድምፅ ይለያያሉ?»
«የለም፣ አይለያዩም።»
«ታዲያ ለምን ሁለት ሆኑ?»
የራሴው ጥያቄ ዞሮ መጥቶ ያዘኝ።
«ዱሮ» አልሁ፤ «ዱሮ ከጕሮሮ ሥር የሚጠራት ነበር፤
ጕሮሮው ጠፋና እሷ ቀረች ከነክብር።
በስምሽም ላይ አለች አንዷ፤ ብዙኃኑ ኅ ናት።
በሃሌታው ቢጽፉሽ ማንም አያውቅም ሲያነቡት፤
እኔ ግን አውቃለሁ።»
«እንደ ኬ!» ብላ ጮኸች፤ ጠረጴዛውን መታች።
ሚስተር ዱጊድ መጥረጊያውን አነሣ።

ዐርብ ከዐሥር ዘጠኝ አገኘች።
የሳተችው ላምን ነው፤
ቢን ረሳች፤ ስትታለብ ታየችኝ፣ ሳቄ መጣ አለች።

እኔም ዐርብ መሥመር ላይ ነኝ። የፈረቃው ዝርዝር
ግድግዳው ላይ አለ፤ ስሜም አለ፣ ዐሥራ አንደኛው ተራ ቁጥር፤
ተጽፏል። የሚጠራው የለም። «ሄይ» ነው የሚሉኝ።
ቢላዬን አነሣሁ። በረዶው እየተዘረገፈ፣ ማሽኑ እያጓራ፣
ጮክ ብዬ «ክናይፍ» አልሁ።
ደግሜም «ክናይፍ»።
ዳኑታ ከጎኔ የጆሮዋን መድፈኛ አወጣች፦
«ምን አልሽ?»
«ምንም» አልኋት፤
«አንድ የቆየ ፊደል ነው የጠራሁ።»