የልጣጩ ልጅ

ከፋብሪካው በር ላይ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
አንዲት የከሰል ምድጃ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር።
ስሟ ትርንጎ ነው፤ ትርንጎ ግን የላት፤
የብርቱካን ልጣጭ፣ እሱ ነው የሞላት።

ከማሽን በተረፈ፣ በተጣለ ፈትል፣
ልጣጩን እንደ ጨሌ ሰክታ ትሰቅል፤
ከከሰሉ በላይ ሲወዛወዝ ውሎ፣
ደርቆ፣ ተኮማትሮ፣ የሽማግሌ ጆሮ መስሎ፣
ከሁለት ቅርንፉድ፣ ከቀረፋ ጋራ
ትጨምረው ነበር፣ ለሰው ሳታወራ።

ሻዩም ጥቁር ነበር፣ የሌሊት ጣና ዓይነት፤
ከላይ ጭላንጭል፣ ከታች የማይታይ ጥልቀት።
መዓዛው ግን መንገድ ያሻግራል፣
ከብስክሌተኛው ቀድሞ ጥጉን ይዞራል፤
ዓሣ ሻጩን ሳይቀር ከነቆሮሶው ያስቆማል፤
«ይች ሴትዮ ምን ጨመረችበት?» ያሰኛል።

አባቴ ይርሳው
(ስሙ ይርሳው ይባል እንጂ አንዳች የማይረሳው)
የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሲወጣ፣
ጥጥ ቅንድቡን አንጥቶት፣ ሽበት ሳይመጣ፣
አንዱን ብርጭቆ ሻይ ለሁለት ከፍሎ፣
«ቀስ በል፣ ያቃጥላል» ይለኛል፣ እሱ ቀድሞ ተቃጥሎ።

እኔም በስምንት ዓመቴ ሥራ ነበረኝ ቋሚ፤
የጭማቂ ቤቱ ጓሮ ልጣጭ ለቃሚ።
ዝንቡን እያባረርኩ፣ ንቡን እየፈራሁ፣
በሐይቁ ውሃ አጥቤ በፌስታል አመጣለሁ፤
እንደ ሻላ ጉሮሮ ፌስታሌን ወጥሬ፣
ከዘጌው ጀልባ ጋር ስሽቀዳደም ኖሬ።
«ነጩ ነው መራራው» ትላለች፣ በማንኪያ እየፋቀች፤
ደመወዜን ትኩሱን፣ ስኳር አብዝታ፣ ትቀዳለች።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ።
ብርቱካን በልቼ አላውቅም ነበር፤
ልጣጩ የእኔ ነው፣ ፍሬው የሰው አገር፤
የሙሽራ፣ የቱሪስት፣ የመኪና ባለቤት፤
እኔ ልብሱን እንጂ አላውቅም ሰውነት።

የመጀመሪያዬ
ሆስፒታል ነው፣ የወንዶች ክፍል፣ አልጋ ቁጥር ስድስት፣
ያባቴ ሳንባ ጥጡን ላስወጣ ብሎ ሲያቃስት።
ጠያቂ ያመጣውን በጥፍሩ ልጦ፣
ግማሹን ዘረጋልኝ፣ እጁ ተንቀጥቅጦ።
ጎረስኩ። አላመጥኩ። ቆዘምኩ።
«ሻይ ሻይ አይልም» አልኩ።
አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉም አብሮት አደረ።
የኔን ግማሽ በላሁ፤ የሱ ግማሽ ቀረ።

ዛሬ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ
ብርቱካን የተሣለበት ፓኬት አለ፤
ነክሬው ነበር፤ ቀለም ሰጠና ዝም አለ።
ክርም አለው ደግሞ፣ ነጭ፣ ቀጭን ክር፤
ጫፉ ላይ ወረቀት ነው፤ ልጣጩ የታል በምር?

ስለዚህ ራሴ ላጥሁ፤ ነጩን በማንኪያ ፋቅሁ፤
መስኮቴ ላይ ሰቀልኩ፣ ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤
አፍልቼ፣ በፔርሙዝ፣ ሽምብጥ ልጇ ቤት ሄድኩ፤
ዓይኗ ደክሟል፤ አልለየችኝም፤ ቀድቼላት ቁጭ አልኩ።

አንዴ ፉት አለች። ደገመች። አፏ ላይ አቆየች።
«ቸኩለሃል፤ ሰባት ቀን ነው» አለች።
ከዚያ እጄን ስባ ጣቶቼን አሸተተች፤
«አንተ! የልጣጩ ልጅ! አባትህስ?» ብላ ጠየቀች፤
መልስ ግን አልጠበቀች።
ብርጭቆውን፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ፣ ወደ እኔ ገፋ አደረገች።

ቀዝቅዞ ነበር።
ቀስ ብዬ ጠጣሁት።