ሐመሩ ሐ

ገና ሳይነጋጋ መኪያ ደወለች፤
«አቦ፣ ያ ስክሪንህ ዋሸኝ» ነው ያለች።
«አርባ ኬሻ ስኳር አለሽ ይለኛል፣
መጋዘን ስገባ አሥራ ሁለት ይዟል።
ለጅግጅጋው ነጋዴ ሠላሳ ሸጬለት፣
አይሱዙው መጋላ ቆሟል ከሌሊት።»

ከከዚራ ወጣሁ፣ ደቻቱ አሸዋ፤
በንጋትም ሙቀት፣ ያው ድሬዳዋ።

መዝገቡን ስከፍተው መዝገቡ አልዋሸም፤
አሥራ ሁለት ይላል፣ አንድም አልጨመረም።
ስክሪኑ ነው እንጂ በአርባ የደረቀ፣
ከሥሩ ሲሸረሸር ምንም ያላወቀ።
ሁለቱን ያሰርኳቸው እኔ ነኝ በእጄ፣
የመዝገቡን ቁጥር ከሳጥን አዋድጄ።

ቀላል መንገድ አለ፤ ዘበኛ መቅጠር፣
«ተለወጥህ ወይ?» እያለ በየሰከንዱ የሚያስቸግር።
ግን ይህች ኮምፒውተር ያለ ዘበኛም ትግላለች፤
ማራገቢያዋ ሲጮኽ መኪያ ትቆጣለች።

አባቴ ተሰማ ለገሃሬ ነበር፣
ደወል ነው ሥራው፣ ባቡሩ ሲቃረብ ከበር።
ከሽኒሌ ሲጠሩት ተነሥቶ ይመታል፤
ካልመጣ ዝም ነው፣ በከንቱ ምን ይደውላል?
ይኼንኑ ነበር መዝገቡን ያስተማርኩት፦
«አሮጌውና አዲሱ አንድ ከሆኑ ተኛበት፤
ከተለያዩ ግን ስሙን ጠርተህ ጩኽበት።»

ጮኋል። አይቻለሁ፣ መስመሩ አለ በኮዱ፤
ሃያ ስምንት ጊዜ፣ ለየአንዳንዱ።
ታዲያ ማን ነው ያልሰማው?

ሻዩ በርዷል። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጥቷል።
ዓይኔን አቅርቤ ፊደል በፊደል ሳነብ፣
መዝገቡ ሲጮኽ ይላል፣ በሀሌታው፣ «ሂሳብ»፤
ሳጥኑ የሚጠብቀው፣ በሐመሩ፣ «ሒሳብ»።
አንዱን የጻፍኩት ጥር ላይ ነው፣ በደኅና ቀን፤
ሌላውን መብራት በጠፋ ማታ፣ በስልክ ብርሃን።

ለጆሮ አንድ ናቸው፤ የኔታም በቁንጥጫ ያልፉኛል፤
ማሽን ግን ጆሮ የለው፣
በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ማን አቤት ይላል?

ሀን አጠፋሁ፣ ሐን አስገባሁ።
አርባው ዓይኔ እያየ ወረደ፣
አሥራ ሁለት ላይ ቆመ።
መኪያ አላመሰገነችኝም።
«ድሮስ አሥራ ሁለት አልነበር?» አለች፣
የመጋዘኑን ቁልፍ እያነሣች።

ስወጣ ሹፌሩ ከአይሱዙው ሥር፣
ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል፣
ጫማውን ተንተርሶ።
ሠላሳ ኬሻ ሊጭን ነው የመጣው።
እስካሁን የነገረው የለም።