የሐረጎ ሳንባ

ኢቬኮው ሐረጎ ላይ፣ ክራንኩ ለሁለት፣
ዘይቱ ቁልቁለቱን ሲሮጥ ቀደም ብሎት፣
አባቴ በእግሩ ወደ ኮምቦልቻ
ተሸክሞ ገባ ተርቦውን ብቻ።
«ሌላው ብረት ነበር፤ ይሄ ግን ሳንባ ነው፣»
አለና በጨርቅ አልጋው ሥር አኖረው።

እሱ ካለፈ ስምንት ዓመቱ።
በር እበይዳለሁ፣ መስኮት፣ የባጃጅ ወገብ፤
ማታ ማታ ግን፣ ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ፣
ዋጋ ያልወጣለት ሥራ አለኝ።

ከቁራሌው ባዶ የእሳት ማጥፊያ ገዛሁ፤
ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ
አንድ እሳት ሳያይ ጡረታ የወጣ።
«አብሽር፣» አልኩት፣ «አሁን ታያለህ፤
ሆድህ ውስጥ ይነድዳል።»
ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ የተጣለ የማይዝግ ቱቦ
ቆርጬ በሳሳሁት፤ ሰማንያ ስድስት ቀዳዳ፤
ሦስት ፑንታ ተሰበረብኝ፣
አራተኛውን ኑርዬ አበደረኝ፣
«ወንፊት ነው ወይስ ዋሽንት?» እያለ።
ዋሽንት ቢሆን ይቀል ነበር።
ቀዳዳው ከበዛ እሳቱ ይበርዳል፣
ካነሰ ነበልባሉ ተስቦ ሄዶ
የተርባይኑን ምላጭ ይልሳል።
ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤
ሁለት ቱቦ አቃጥዬ ነው ያወቅሁት።

የመጀመሪያው ማታ ጦይባ ከመኪና እጥበቷ
ቫኪዩሟን አመጣች፤ መሳቡን ትቶ እንዲነፋ
ቱቦውን በኋላው ሰካነው።
ምላጩ ዞረ፣ አፏጨ፣ ጋዙን ከፈትኩ፣
የባጃጁ ካንዴላ ጠቅ አለ፣
መብራት ሄደ።
ነፋሱ ሲቆም እሳቱ መውጫ አጣና
በመግቢያው ተመለሰ፤ ቅንድቤን ወሰደ።
ኑርዬ ከበርሜል ጀርባ «ያ ረቢ!» አለ።
ጦይባ ሳቀች። ሳቋ ከእሳቱ በላይ አቃጠለኝ።

ሐሙስ ማታ እንደገና። አሁን ግቢው ሞልቷል።
ጋሽ ይመር ከዘራቸውን ተደግፈው
«ምን ይፈጫል?» አሉ።
«ምንም።»
«ውኃ ይስባል?»
«አይ።»
«ታዲያ?»
«ይተነፍሳል።»
እንደ መልስ ሳይሆን እንደ ሕመም ሰሙኝ።

ዘይቱ ከባትሪው ፓምፕ ይወርዳል። ነፋስ። ካንዴላ።
ጋዝ፣ በጥቂቱ፣ ሕፃን በማንኪያ እንደሚጠጣው።
ከውስጥ «ቡፍ» አለ፣ ከዚያ ጉርምርምታ፣
ከዚያ ድምፁ መውጣት ጀመረ፣
ከወናፍ ወደ ተርብ፣ ከተርብ ወደ ፉጨት፣
ከፉጨት ጆሮ ወደማይከተለው፤
የጭስ ማውጫው ጫፍ
እንደ በርበሬ ዛላ ቀላ።

እና መብራት ሄደ።

ሰፈሩ ጠፋ። ቫኪዩሙ ልሳኑ ተዘጋ።
እጄ ቅንድቤን አስታውሶ ወደ ጋዙ ሮጠ፤
ጩኸቱ ግን አልወደቀም።
ማንም ሳይነፋለት፣ ሳይገፋው ከኋላ፣
የራሱን አየር ስቦ የራሱን እሳት በላ፤
በላና ጠነከረ፣ ጠነከረና ሳበ፣
ቀይ ቀለበት ሆኖ ጨለማውን ከበበ።

«ቫኪዩሙን ንቀይው!» አልኩ። ነቀለችው።
ሄደ። ብቻውን ሄደ።
አራት ደቂቃ። ከቦርከና ማዶ ውሾች መለሱለት፤
ከሐረጎ የሚወርድ አንድ ጭነት መኪና ፍሬን ያዘ፣
ከራሱ ሞተር የመጣ ድምፅ መስሎት ይሆናል።
ጋሽ ይመር ኮፍያቸውን አወለቁ፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ባትሪው ሲደክም ዘይቱ ሳሳ፤ ጋዙን ዘጋሁ።
ምላጩ ግን እሺ ብሎ አልቆመም፤
ረጅም ወረደ፣ ረጅም፣
ዳገት የጨረሰ ሾፌር
እንደሚተነፍሰው።

ከዚያ የሚበርድ ብረት፦ ጠቅ። ጠቅ።
ስለ አባቴ አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት
ጦይባ የቫኪዩሟን አፍ በስልኳ መብራት አየችው፤
እንደ ሻማ ቀልጦ ተጣሟል።
«ስምንት መቶ ብር፣» አለችኝ፣ «ከነገ ሳያልፍ።
ቅዳሜ ደግመህ የምትሞክር ከሆነ ግን
እኔ ዘንድ የተሻለ ባትሪ አለ።»