ለኋላው ሁለት እጅ

አጎቴ ልየው ለኔ የተወው ሌንስ፣
ቁጥሩ ተፍቋል፤ አርባ ዓመት በአውራ ጣቱ ሲዞር ሲመለስ።
ሁለት ሜትር ይነበባል፤ ሦስቱ ግን የለም፣
አምስቱ ላይ ጭረት፤ ከዚያ ወዲያ በጎኗ የተኛች ስምንት፣ የዘላለም።

«በክንድህ ስፈር» ይለኝ ነበር፤ «በስንዝር፣ በእርምጃ፤
ዓይን ቢምል እንኳ እግር ነው ማስረጃ።»
ደግሞም፦ «ጥራት እኩል አይካፈልም፤ ፍርዱ እንዲህ ነው ልጅ፤
ካሰርክበት ነጥብ ለፊቱ አንድ እጅ፣ ለኋላው ሁለት እጅ።»

ወደቡ አጠገብ ነኝ፤ ዋርካው ከሚያጠላበት፣
ሙሽራ ስሰፍር፣ ተመራቂ ስሰፍር ነው የምውልበት።
ክፍተቱን ካሰፋሁት የጠራው ስፍራ ጠባብ ነው፤ ከሽፋሽፍት እስከ ጉንጭ፤
ጉትቻው ይሟሟል፤ ጣናም ከኋላ ይሆናል የብርሃን ምንጭ።
ሙሽራ ስትስቅ ወደ ፊት ታዘነብላለች፤
ትንፋሼን ይዤ እጠብቃታለሁ፤ ትመለሳለች።

ጥልቀትን ያየሁት ግን ከታንኳ ቀዛፊው ከእንድሪስ ነው።
ፀሐይ ላይ ዓይኑን ክር እስኪያህል ሲያጠብ፣
ከመረቡ ቋጠሮ እስከ ማዶው ደሴት ግንብ
ሁሉን ባንዴ ያያል።
ዋጋው ብርሃን ነው፤ ባጠበብክ ቁጥር ይጨልማል፤
ሲመሽ እንድሪስም እንደኔ አንዱን መርጦ ያያል።

የዚያን ዕለት ደመና ነበር፤ ብርሃን የለም ለምርጫ፤
የጎርጎራው ጀልባ ሊነሳ ነው፤ ሰዓቱ የሩጫ።
እህቴ ትርንጎ፣ ነርስ ሆና ተመድባ፣
«አንሳኝ በል!» አለች፤ ከነሻንጣዋ ገብታ።
ሁለት ሜትር ከስንዝር ብዬ ዓይኗ ላይ አሰርኩ፤
ሞገድ ጀልባውን አንድ ክንድ ሲገፋው፣ እኔ ተኮስኩ።

ፊልሙ ሲታጠብ ፊቷ ጉም ለብሷል፤ ሳቋ የሳቅ ጥላ፤
የጠራው እጇ ነው፤ ፊቷን ትቶ ወደ ኋላ።
የጣቷ አንጓ ነጥቷል፤
የጀልባውን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዟል።

አበላሸሁት ብዬ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። ሦስት ዓመት።

ለፋሲካ መጥታ፣ መርፌ ስትፈልግ አገኘችው፤
መስኮት ዘንድ ወስዳ፣ ልክ እንደ እንድሪስ፣ ዓይኗን አጥብባ አየችው።
«ሁሉም ሳቄን ነበር ያየው» አለች፤
«አንተ ብቻ...» ብላ ተወችው።
«ስቼ ነው እኮ፤ አንድ ክንድ ስቼ» አልኳት፤
አልሰማችኝም፤ ወይም አልመሰላት።

አጎቴ ያለኝ የሜትር ነገር መስሎኝ ነበር።

ዛሬም ሙሽሪት ቆማለች፤ ሐይቁ ከጀርባዋ ያብለጨልጫል፤
እግሬ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፤
ዓይኔ ግን እጇን ይፈልጋል።